ፎርማት ተደርጎ ስለሚመለስ የኮምፒዩተር ቫይረስ

(በሸኮ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በማኅበሩ የትምህርት ንዑስ ኮሚቴ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከመንገድና ከውሃ ጉዳይ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የእድራችን መዝገብ፣ የልጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቡና ሂሳብ ሰነዳችን ሳይቀር ዛሬ ያለው በኮምፒዩተርና በፍላሽ ላይ ነው። ቫይረስ እነዚህን ሲያጠፋ የሚጎዳው የኮምፒዩተሩ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ገንዘብ ይከፈላል፤ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ኮምፒዩተሩም ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ብሎት ይሠራል። በአራተኛው ቀን ያው ቫይረስ ይመለሳል። «ፎርማት አድርገነው የለም እንዴ? ይኼ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» እንላለን። እንደገና ይከፈላል፤ እንደገና ይመለሳል። ይህ ለምን እንደሚሆን ካወቅን ገንዘባችንም ሰነዳችንም ይተርፋል።

ነገሩን ከምናውቀው ሥራ እንጀምር። ቡናን በቁሙ የሚያደርቀው በሽታ ማሳው የገባበት ገበሬ፣ የደረቀውን ግንድ ቆርጦ ጥሎ በዚያው ጉድጓድ ወዲያው ችግኝ ቢተክል ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ ግንድ በሚያቆስል ገጀራም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይተላለፋል። ስለዚህ ዛፉ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፤ ገጀራው ይጸዳል፤ ቦታውም ጊዜ ይሰጠዋል። ዊንዶውስን እንደገና መጫን ችግኝ እንደ መተካት ነው። አፈሩና ገጀራው ካልጸዱ ምን ዋጋ አለው?

ለመሆኑ ገጀራው የትኛው ነው? ፍላሻችን ነው። «ሾርትካት» የምንለው ቫይረስ ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሐሰተኛ ምልክት ያስቀምጣል። ያንን ምልክት ስንጫን ፎልደሩም ይከፈታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። ቀደም ባሉት ዘመናት ፍላሽ እንደተሰካ ቫይረሱ በራሱ ይነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ባሰራጨው ማሻሻያ ለቀድሞዎቹ ዊንዶውሶችም ይህን በር ዘግቶታል። ስለዚህ አሁን በአብዛኛው የሚያስነሣው የእኛው ጣት ነው። ፎልደር ጠፋ ብላችሁም ፍላሹን ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ቢታዘዝ ሰነዱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

አፈሩስ? ፎርማት ሲደረግ ሰነድ እንዳይጠፋ ተብሎ «ሲ» የሚባለው ክፍል ብቻ ይጸዳና «ዲ» የሚባለው ይተዋል። ቫይረሱ «ዲ» ውስጥ ካለ አንድ ሰው እስኪከፍተው ይጠብቃል። ሌሎችም መደበቂያዎች አሉት። ዊንዶውሱ የተጫነበት ፍላሽ ራሱ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራምን ያለ ክፍያ ለማሠራት የምንጭነው «ክራክ» ቫይረሱን ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። በኔትወርክ የተያያዘ ሌላ ኮምፒዩተርም አለ። ኢንተርኔት በምንከፍትበት ፕሮግራም ላይ የተለጠፈ መጥፎ ተጨማሪም በአካውንታችን ስንገባ ተከትሎን ይመለሳል።

እነዚህ ሁሉ ጸድተው የሚመለስ ቫይረስ የለም ወይ? አለ፤ ግን እምብዛም አይገጥምም። ኮምፒዩተር ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ፣ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም በዋናው ቦርድ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 26 ቀን 1999 ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ ይህንኑ ባዮስ እያበላሸ ብዙ ኮምፒዩተሮች እንዳይነሡ አድርጓል። በጁላይ 2015 ደግሞ ሃኪንግ ቲም ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ ብዙ ምሥጢር ሾልኮ ሲወጣ፣ ባዮስ ውስጥ የሚቀመጥ የስለላ መሣሪያ መሥራቱ ታወቀ። ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱ በአዲስ ቢቀየር እንኳ መሣሪያው ሰላዩን ፕሮግራም መልሶ ይተክለዋል። በ2018 ደግሞ ኢሴት የተባለው ድርጅት ሎጃክስ የተባለ ተመሳሳይ ቫይረስ በሥራ ላይ ውሎ ማግኘቱን አስታውቋል።

የሃኪንግ ቲም ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በዲሴምበር 2013 በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ባልደረቦች ላይ የዚሁ ኩባንያ ሥራ በሚመስል መሣሪያ ሦስት ጊዜ የስለላ ሙከራ መደረጉን ገልጿል። ልብ በሉ! የመጣው በረቀቀ መንገድ አይደለም፤ በስካይፕ በተላከ ሰነድ መሳይ ፋይል ነው። ያን ያህል የተራቀቀ መሣሪያ ያለው እንኳ የሚጠብቀው ሰው ፋይሉን እስኪከፍትለት ነው።

በመሆኑም ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጽዳቱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢፈጸም ይበጃል።

1ኛ. ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔትና ከኔትወርክ ማላቀቅ፤ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ይነቀል።

2ኛ. ሰነድና ፎቶግራፍ ብቻ ለይቶ ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት። ፕሮግራምና ክራክ አብሮ አይውጣ። ዲስኩ ላይም «አልተመረመረም» ተብሎ ይጻፍበት።

3ኛ. ጤነኛ በሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውሱን መጫኛ ከማይክሮሶፍት ገጽ ማውረድ። ለዚህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል።

4ኛ. በሚጫንበት ጊዜ «ሲ»ንም «ዲ»ንም ሁሉንም ክፍሎች ማጥፋትና ዲስኩን እንደገና መክፈል። ሁለተኛው ተራ ሳይፈጸም ግን ይህ አይነካ፤ ሰነዱ ይጠፋል።

5ኛ. ዊንዶውሱን ማሻሻል፤ ከዚያ አብሮት በሚመጣው ዲፌንደር የወጣውን ዲስክ መመርመር፤ ሰነዱ የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

6ኛ. የይለፍ ቃሎችን በጸዳው ኮምፒዩተር ላይ መለወጥ፤ ኢንተርኔት በምንከፍትበት ፕሮግራም ላይ የማናውቀውን ተጨማሪ ማስወገድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ምንም ፍላሽ ሳይሰካና ሰነዱም ሳይመለስ ቫይረሱ ከታየ፣ ያኔ ባዮስን መጠርጠር ይቻላል። መድኃኒቱ ከኮምፒዩተሩ አምራች ገጽ የወረደውን ባዮስ እንደገና መጫን ነው፤ እምቢ ካለ ቦርዱን መቀየር ነው። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው አለ። ባዮስ በሚጫንበት መካከል መብራት ከጠፋ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት በእኛ አካባቢ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይሞከር። ሥራውም ለባለሙያ ይተው።

በመጨረሻ ዋናውን ነገር እናንሣ። አንድ ቤት ቢያጸዳና ጎረቤቱ ባያጸዳ፣ ቫይረሱ በሳምንቱ በፍላሽ ተጉዞ ይመለሳል። ይህን የምንለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካባቸዋል! ብቻቸውን ሊከላከሉት አይችሉም። ስለዚህ ኮምፒዩተር ያላቸው አባላት፣ ኮፒ ቤቶችና ተማሪዎች በሚስማሙበት አንድ ቅዳሜ ኮምፒዩተሮቻችንና ፍላሾቻችን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲመረመሩ ንዑስ ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ለማሳተም የምንሄድ ሰዎች ሰነዱን በቴሌግራም ብንልክ፣ ካልሆነም ለማሳተሚያ ብቻ የሚውል አንድ ፍላሽ ብንይዝ ይመረጣል። የእድሩ መዝገብና የሂሳብ ሰነድ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንደኛው ከኮምፒዩተር ተነቅሎ ይቀመጥ።

በዚህ ሥራ ለመርዳት ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ በተለይም ኮምፒዩተር የምትችሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እናሳስባለን።