ስለ ወንዶች የሽንት ችግር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ነገር በድንኳን ሥር ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ቢሆንም ከመካከላችን ስንቱ አባወራ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ እየተነሣ ደጅ እንደሚወጣ ሚስቶቻችን ያውቁታል። እኛ ግን «ብርድ መታኝ» ብለን እናልፈዋለን።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ለቅሶ ቤት አምሽተው ሲመለሱ ሽንታቸው ከነጭራሹ ተዘጋ። አፍረው ለማንም ሳይነግሩ፣ ይከፍትልኛል ብለው የተልባ ውሃ ሲጠጡ ዋሉ። የተዘጋ ነገር ላይ ውሃ መጨመር ምን እንደሚያደርግ እናንተው ፍረዱ። በማግስቱ ማታ ከእንብርታቸው በታች እንደ ከበሮ ተነፍተው፣ ላብ እያጠመቃቸው ከኖፓ ወደ መቱ ተወሰዱ። በቱቦ የወጣላቸው ሽንት ከአንድ ሊትር በላይ ነበር። ይህን እንድንናገር የፈቀዱልንም ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር፣ የሽንት ቧንቧን ዙሪያውን የከበበች ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ አለች። በጉልምስና ጊዜ ከትንሽ ሎሚ አትበልጥም። ዕድሜ ሲገፋ ግን እያደገች ቧንቧውን ትጫነዋለች። ወንዶች 60 ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ፣ በ80ዎቹ ዕድሜ ደግሞ ከ10ሩ ስምንት የሚሆኑት ይህ ያገኛቸዋል። ምልክቱ ሽንት ለመጀመር መዘግየት፣ መቅጠን፣ መንጠባጠብ፣ ሸንቶም አልጨረስኩም ማለት ነው። ዕድገቱ ራሱ ካንሰር አይደለም፤ ይሁንና የፕሮስቴት ካንሰርም እንዲሁ ሊጀምር ስለሚችል መለየት የሐኪም ሥራ ነው። በጣት ይመረመራል፣ ደምም ይታያል። የጣቱ ምርመራ እንደ ውርደት ይታያል፤ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም እኮ!

ሽንት የሚያመላልስ ሁሉ ግን ፕሮስቴት ነው ማለት አይደለም። ስኳር ያለበትም ይመላለሳል፤ ያኛው ብዙ ይሸናል፣ ውሃም ይጠማዋል። በወጣትነቱ ጨብጥ ይዞት በወጉ ያልታከመ ደግሞ ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ሊጠብበት ይችላል።

ብዙዎቻችን ቀዶ ሕክምናውን የምንፈራበት ምክንያት አለ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፋቸውን ሲያስታውቅ፣ ከሁለት ወር ገደማ በፊት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላቸው ተነግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ፕሮስቴት የተቀደደ አይተርፍም» የሚል ወሬ በጆሯችን ቀረ። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ግን ክሱ ንጉሡ ታንቀው ተገደሉ የሚል ነበር። እንግዲህ ቢላዋው ያለ ጥፋቱ ስንት ዘመን ተወቀሰ!

አብዛኛው ሰው ደግሞ ቢላዋ ድረስ አይደርስም። ታምሱሎሲን የሚባለው መድኃኒት ጡንቻውን አላልቶ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያቀልላል፤ ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል ከመኝታ ቀስ ብሎ መነሣት ነው። ፊናስተራይድ ዕጢዋን ያሳንሳል፣ ነገር ግን ስድስት ወር ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ቀዶ ሕክምናው በራሱ በሽንት ቧንቧ በኩል ወይም ሆድ ተከፍቶ ይሠራል። አንዳንድ የጉንፋን ኪኒን ሽንት ይዘጋልና ችግሩ ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይዋጥ። አረቄም እንደዚሁ። ቡናን በተመለከተ በኢሉባቦር ምድር ቆመን አትጠጡ ብንል ማን ይሰማናል? የማታውን ብቻ ተዉት፤ በረካው ቀን ላይ ይሁን።

ሽንት ውስጥ ደም የታየበት፣ ወይም ፈጽሞ የተዘጋበት ሰው ግን እስኪነጋ አይጠብቅ። ታፍኖ የቆየ ሽንት ኩላሊትን ያበላሻል።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ እንመለስ። ደንባችን ለሞት እንጂ ለሕመም ገንዘብ አያወጣም። እኚያ አባላችን ቢሞቱ ኖሮ ድንኳን እንተክል፣ ንፍሮ እንቀቅል ነበር፤ ለመኪና ኪራይ ግን በዚያ ሌሊት ከሳጥናችን አንዲት ብር አልወጣችም፤ ጎረቤት ነው አዋጥቶ የላካቸው። ስለዚህ በድንገት ለታመመ አባል የመኪና ኪራይ በብድር ተሰጥቶ በየወሩ መዋጮ እየተጨመረ እንዲከፈል የሚል ሐሳብ ለጉባኤው አቅርበናል። የምትቃወሙ ካላችሁ እጃችሁን አውጡና ተናገሩ።