የትምህርት ቤቱ ቃል ወደ ወላጅ ቤት እንዴት ይድረስ?

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




እንድናገርበት የተመረጠልኝ ርእስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል የሚመላለሰው መልእክት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስለ ሥርዐተ ትምህርት፣ ስለ ፈተና፣ ስለ መምህራን ኑሮ መነጋገር ሲገባን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ማስታወሻ ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን ከትምህርት ገበታው ሲለይ፣ ነገሩን ወደ ኋላ እየተመለስን ብንመረምር ከምክንያቶቹ መካከል አንዱን ደጋግመን እናገኘዋለን፤ ይኸውም መምህሩ የሚያውቀውን ወላጁ፣ ወላጁ የሚያውቀውንም መምህሩ ሳያውቅ ጊዜው ማለፉ ነው።

በአገራችን የትምህርት ቤት መልእክተኛ ሆኖ የኖረው ራሱ ተማሪው ነው። የምዝገባው ቀን፣ የስብሰባው ሰዓት፣ የፈተናው መጀመሪያ ለሕፃኑ ይነገራል፤ ሕፃኑም ለቤተሰቡ እንዲያደርስ ይጠበቃል። አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ማለታቸው ልጅን ለመናቅ ሳይሆን ከዐቅሙ በላይ የሆነ አደራ እንዳይጣልበት ለማስጠንቀቅ ይመስለኛል። የ7 ዓመት ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ ኳስ ያያል፣ ከጓደኛው ይጣላል፣ ዝናብ ይመታዋል። ወረቀቱም ከደብተሩ መካከል ወድቆ ይቀራል፤ ቃሉም መንገድ ላይ ይለወጣል። «ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ» ተብሎ የተላከው፣ እቤት ሲደርስ «ነገ ትምህርት የለም» ሆኖ ቢገኝ ልጁን መቈጣት አይገባም።

ከዚህ የሚብሰው የመልእክቱ ዐይነት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ወላጅ ወደ ግቢው የሚጠራው በሁለት ምክንያት ነው፤ ልጁ ሲያጠፋና ገንዘብ ሲፈለግ። «ወላጅ አምጣ!» የምትለዋን ትእዛዝ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። ይህች ትእዛዝ ያስከተለችውንም ዘዴ ሁላችን እናውቃለን፤ ልጁ እውነተኛውን አባቱን ትቶ የሰፈር ጎረምሳ ወይም በመንገድ ዳር ያገኘውን ሰው በጥቂት ሳንቲም ተለማምጦ «አጎቴ ነው» እያለ ያቀርባል። የተዋሰው አጎትም ልጁን በመምህሩ ፊት በቍጣ ገሥጾት፣ ከፍ ሲልም በጥፊ መትቶት፣ ከበር ሲወጡ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ስንጨዋወት እንሥቅበታለን። ነገር ግን ወላጅ የሚከራይ ልጅ በዚያ ዕድሜው አንድ ፍርድ ሰጥቷል፤ የትምህርት ቤቱ ቃል እቤቱ ከገባ ከዱላ በቀር ሌላ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ወስኗል። ወላጁም ቢሆን የትምህርት ቤቱን ስም ሲሰማ «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋ?» ወይም «ስንት ብር ነው?» ከማለት ሌላ የሚያስበው የለም።

ሌላው ጕድለታችን መዘግየት ነው። መምህሩ አንዲት ተማሪ ፊደል አጣምራ ማንበብ እንዳልቻለች በኅዳር ወር ያውቃል። እናቷ ግን ይህን የምታውቀው ሰኔ 30 ቀን፣ ካርድ ሲታደል ነው። ሰኔ 30 ለአንዱ ቤት የደስታ፣ ለሌላው የልቅሶ ቀን ሆኖ የኖረው ስለዚህ ነው። በኅዳር የተነገረ ነገር ምክር ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ ጊዜ አለው። በሰኔ መጨረሻ የተነገረ ግን መርዶ ነው፤ ወላጅ ተቀብሎ ከማዘን ሌላ የሚያደርገው የለም። በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪን በተከታታይ ምዘና እየተከታተሉ ማሳለፍ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሲሠራበት የኖረ አሠራር ነው። ይህ አሠራር በወላጅ ዘንድ «ልጄ ዐለፈ፤ ስለዚህ ዐውቋል» የሚል መተማመን ሊያሳድር ይችላል። ልጁ ዐለፈ ማለት ሁሉን ዐወቀ ማለት እንዳልሆነ ሊነግረው የሚችል ከመምህሩ በቀር ማን አለ?

ዝምታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ወሬ ይሞላዋል። ለዚህ ከሙያችን ታሪክ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት በ1964 ዓ.ም. ተጠናቆ ሳለ፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ሳይገለጥ እስከ 1966 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ መካከል የድኻ ልጅ ከ4 ዓመት በላይ እንዳይማር ሊደረግ ነው የሚል ቃል ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር ይህ ጥናት አብሮ ተነሣ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። የጥናቱ መልካምነት ወይም ክፋት የዛሬ ርእሴ አይደለም። ነገር ግን ስለ ልጁ ዕጣ የሚወስን ሐሳብ ሁለት ዓመት ያህል ተሰውሮበት የኖረ ወላጅ፣ በመጨረሻ ሲነገረው ለማመን መቸገሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥም ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፣ በአብዛኛው የተሰጠው በትምህርት ቤት ነው። አንዲት እናት ልጇ መርፌ ተወግታ ስትመጣ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ከመምህርቷ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከጎረቤት ሐሜት ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ። የክትባቱ ጥቅም ያው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ እኅቷን መላክ አለመላኳን የሚወስነው ግን ማን አስቀድሞ እንደ ነገራት ነው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

መልእክቱ ለማን እንደሚላክም ማሰብ ይገባል። «ወላጅ» ስንል አባትና እናት አብረው የሚኖሩበትን ቤት ብቻ ካሰብን ብዙ ልጆችን ከቍጥር እናወጣለን። እናቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ አለ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እየሠራች በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማር ልጅ አለች። ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ያጣ አለ። ለእነዚህ «ወላጅ አምጣ» ማለት የሌላቸውን ማምጣት ነው። በመዝገባችን ላይ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ተብሎ የተጻፈው ቃል በአፋችንም ሊገባ ይገባል።

ማንበብ የማይችለውንም አንርሳ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሶ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ለሽልማት የበቃ ታላቅ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ እናቶች የልጆቻቸውን ደብተር ገልጠው ለማየት በቅተዋል። ሆኖም ዛሬም ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ከትራስ ሥር የሚያኖር ወላጅ አለ። ያን ወረቀት የሚያነብለት ያው ልጁ ነው፤ ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። በገጠር ከቅዳሴ መልስ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በገበያ ቀን የሚነገር ቃል ከወረቀት ይፈጥናል። በከተማ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የማያንኳኳው በር የለም። ቋንቋውም የቤቱ ቋንቋ ይሁን፤ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የ1986ቱ ፖሊሲ ከፈቀደ፣ እናቲቱ በማታውቀው ቋንቋ የሚጠራት ደብዳቤ ምን ምክንያት አለው?

ስለ ስልክም ጥቂት ልበል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ብዙ የከተማ ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ከወላጅ ጋር መገናኘት ጀመሩ፤ ልማዱም ከዚያ በኋላ ቀጥሏል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ስልክ የሌለው ወላጅ «በቴሌግራም ነግረናል» ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የአንድን ልጅ ጥፋት ወይም ያልተከፈለ ሒሳብ የ50 ወላጅ ዐይን በሚያርፍበት ቦታ መጻፍ፣ ልጁን በሰልፍ ላይ አቁሞ ከመዝለፍ አይለይም። ለሁሉ የሚነገር በአደባባይ፣ ለአንዱ የሚነገር ለብቻው ይሁን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ የማቀርበው ገንዘብ የማይጠይቅና በማናቸውም ትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችል ነው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ አጭር ማስታወሻ ከየክፍሉ ይውጣ። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር፣ ሰዓቱ ሰው በሚቈጥረው ሰዓት፣ ፈረቃውም ተለይቶ ይጻፍ። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤

«የ3ኛ ክፍል ‹ለ› ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፤ በዚህ ወር በሒሳብ ማባዛት እየተማርን ነው። ማታ ማታ ከ2 እስከ 5 ያለውን የማባዣ ሠንጠረዥ በቃላቸው ሲሉ ያዳምጧቸው፤ ለማዳመጥ ማንበብ ማወቅ አያስፈልግም። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ጥር 18 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ይጀመራል፤ እርሳስና ላጲስ ይዘው ይምጡ። ጥያቄ ያለው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 በኋላ የክፍሉን መምህር ያገኛል። በዚህ ወር የሚከፈል ገንዘብ የለም።»

የመጨረሻይቱን ዐረፍተ ነገር ሆን ብዬ ጨምሬአታለሁ። ወላጅ ገንዘብ የማይጠየቅበት ደብዳቤ ሲደርሰው ቀጣዩን ሳይፈራ ይቀበላል።

ከዚህ ወርኃዊ ማስታወሻ ሌላ፣ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። «በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ይዤ፣ በሁለት ፈረቃ እያስተማርሁ፣ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቀን ለሁለት ልጆች ብቻ በደብተራቸው ጀርባ አንድ መስመር ብንጽፍ፣ በ30 የትምህርት ቀን 60ው ሁሉ ይዳረሳል፤ በመንፈቅ ዓመቱም ውስጥ ለሁሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የመጀመሪያው መስመር መልካም ዜና ይሁን። «ዛሬ ለጓደኛዋ እርሳስ አበደረች»፣ «ንባቡ ካለፈው ወር ተሻሽሏል» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው መስመር ስለ ድክመት ቢሆን እንኳ፣ ወላጁ ልጁን ከሚወድ ሰው እንደ መጣ ዐውቆ ይቀበለዋል።

መንገዱም የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን። የወላጅ መምህር ኅብረት የተቋቋመው ለአጥርና ለጣራ ማሠሪያ መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ሊያደርሰው የሚገባ ዜና አለው፤ ልጁ ሌሊት ሲያስለው እንዳደረ፣ ቤት እንደ ተለወጠ፣ አባት እንደ ሞተ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳ እንደሚፈለግ። ይህን አስቀድሞ የሰማ መምህር የቀረውን ልጅ በሰልፍ ላይ አያንበረክክም፤ ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስበትን ቀን ይፈልግለታል እንጂ። በተለይ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረች ልጃገረድ ጉዳይ ለሳምንት ሊያድር አይገባም። ከኅብረቱ አባላት አንዲት እናት በዚያው ቀን ማታ ሄዳ ብትጠይቅ፣ ምናልባት ለጋብቻ የታሰበ ወይም ለሥራ ወደ ከተማ ሊላክ የተዘጋጀ ልጅ ታገኝ ይሆናል። ሳምንት ያለፈ እንደሆነ ግን የምታገኘው የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ስለዚህ ሦስት ነገር ለውሳኔ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤታችን «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ በቅጣትነት መሰጠቱ ቀርቶ፣ ወላጅ በአክብሮት በቀንና በሰዓት እንዲጠራ። ሁለተኛ፣ በዘገየ ቢባል እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቃል ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው እንዲደርስ። ሦስተኛ፣ ለሦስት ቀን የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ዕለት የሚጠይቅ ሰው እንዲመደብ። በመጪው መስከረም ምዝገባው ሲያበቃ ሥራውን ከየክፍላችን እንጀምር፤ በሰኔም ካርድ ስናድል በየቤቱ አዲስ ነገር የሚሰማ ወላጅ ስንት እንደ ሆነ ቈጥረን በሚቀጥለው ስብሰባችን እንነጋገርበት።