ጂኑ ከጆጉ አይግባ
(ለሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች!

ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ መጠጥ ነው። ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን፤ ነገሩ ግን የቀልድ አይደለም። ባለፈው ድግሳችን የአበባ ኮክቴል እንሥራ ብለን ከርከዴ፣ አምቦ ውኃና ጂን በአንድ ጆግ ቀላቅለን አቀረብን። ቀለሙ ቀይ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነበር። የጎረቤታችን የ8 ዓመት ልጅ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሊቀዳ ሲል ነው የደረስንበት! ልጁ እግዜር ይመስገን ደህና ሆነ፤ ጥፋቱ ግን የኛው ነበር።

እናቶቻችን እንዲህ አላደረጉም። ጠጅ በተጣለበት ቤት ለማይጠጣው ብርዝ ለብቻው ይቀርብ ነበር። እኛም ወደዚሁ ደንብ እንመለስ።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ በግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ለ10 ደቂቃ ክደኑት። በማጥለያ አጥልላችሁ፣ ለብ ሲል 3 የሾርባ ማንኪያ ማር አሟሙበት፤ ማር በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይሟሟም፣ ከሥር ይቀራል። የ1 ሎሚ ጭማቂ ጨምሩና አቀዝቅዙት። ጆጉ ይኸው ነው፤ ጂን የለበትም።

ሲቀዳ ሩብ ብርጭቆ ከጆጉ፣ የቀረውን አምቦ ሙሉት። አምቦ ጋዙን ይዞ ከምድር የሚወጣ ውኃ ነው፤ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ብዙም አይማሰል፤ ያለዚያ ጋዙ ይጠፋል።

ጂን የፈለገ አዋቂ አምቦው ከመግባቱ በፊት በራሱ ብርጭቆ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምር። ጂን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 40 እጅ ያህሉ አልኮል ነው፤ በዓይን ግምት አይቀዳም። መኪና የሚነዳ ሰው ጭራሽ አይንካው፤ የሠፈራችንን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ።

ስለ አበባም አንድ ነገር እንበል። አጥር ሥር የሚበቅለው አስተናግር አበባው ቢያምርም መርዝ ነው። ለስጦታ የሚሸጥ ጽጌረዳም የተባይ መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል ከመጠጥ አይግባ። ጂን ጠረኑን የሚያገኘው ከጽድ ዘመድ ፍሬ ነው ሲባል ሰምቶ የእንጦጦን ጽድ የሚለቅም እንዳይኖር፤ ዝርያው ሌላ ነው።

ነፍሰ ጡሮች ከርከዴውን ትተው ሎሚ በአምቦ ይጠጡ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

እንግዲህ ከጆጉ ልጅም፣ ሽማግሌም፣ አልኮል የማይቀምስ ጎረቤትም ሳይሠጋ ይቅዳ። የጂኑ ጠርሙስ ግን ከፍ ካለ ቦታ፣ ከአንድ ኃላፊነት ከሚሰማው ሰው እጅ አይውጣ። ለመጪው በዓል በሰላም ያድርሰን!