ስለ አየር ጠመንጃ ካሊበር አመራረጥ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፊዚክስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



 ርእሳችን የአየር ጠመንጃ ነው ስንል ከወላጆች መካከል ግንባራቸውን የሚቋጥሩ እንዳሉ ከዚህ ሁነን እናያለን። እኛም ርእሱን ለክበባችን ኀላፊ መምህር ባቀረብን ጊዜ መጀመሪያ ያገኘነው መልስ «ሌላ ነገር አጣችሁ?» የሚል ነበር። ነገሩን ያነሣንበትን ምክንያት ከሰሙ በኋላ ግን «እንግዲያስ በደንብ ተዘጋጁበት» ብለው ፈቀዱልን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን ከእኛ አንዱ የስምንት ዓመት ታናሽ ወንድሙን ይዞ ወደ በዓሉ ሜዳ ወርዶ ነበር። እንደምታውቁት እንዲህ ባለው ቦታ የአየር ጠመንጃ ይዞ ሰውን ዒላማ የሚያስተኩስ አይጠፋም። በጣውላ ላይ የጠርሙስ ቆርኪ ተደርድሯል፤ ከጣውላው በስተኋላ ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። አንድ ጐልማሳ ተኰሰ፤ ቆርኪውን ሳተው፤ ጥይቷ ግንቡን መትታ ነጠረችና ቆሞ ይመለከት የነበረውን ሕፃን ከዓይኑ ሥር በጥፍር ስፋት ዝቅ ብላ መታችው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዓይኑ ተርፏል። ወንድምየው ጥይቷን ከመሬት ፈልጎ ቢያነሣት የእርሳስ ፍሬ ሳትሆን ክብ የብረት ኳስ ሁና አገኛት። ለአስተኳሹ ቢያሳየውም «ያው 4.5 ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ብሎ መለሰለት።

ይህን በክበባችን ስንጨዋወት ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ካሊበሩ ትልቅ የሆነ ጠመንጃ ሁልጊዜ ይሻላል አለ። ሌላው ወገን የለም፤ ትንሹ ፈጣን ስለ ሆነ እርሱ ይበልጣል አለ። ሁለቱም ወገን ሳይመዝንና ሳያሰላ ይጮኽ ስለ ነበር መጨረሻው ዝምታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ጠመኔ አንሥተን ወደ ሰሌዳው የቀረብነው።

ካሊበር ማለት የአፈ ሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው። በአየር ጠመንጃ ዘንድ ዋና ዋናዎቹ ስፋቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም 4.5፤ 5፤ 5.5 እና 6.35 ሚሊ ሜትር ናቸው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች በኢንች ስለሚቈጥሩ 4.5ቱን 0.177፤ 5.5ቱን 0.22፤ 6.35ቱን 0.25 ይሉታል። በሣጥን ላይ ይህን ቍጥር ያየ ሰው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው ብሎ እንዳይሳሳት። ልዩነቱ በቍጥር ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የክብ ስፋት የሚያድገው እንደ ዲያሜትሩ ሳይሆን እንደ ዲያሜትሩ ካሬ ነው። ስለዚህ 5.5ቱ የሚከፍተው ቀዳዳ 4.5ቱ ከሚከፍተው አንድ ጊዜ ተኩል ይሰፋል፤ 6.35ቱ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እኛም በሒሳብ እስክናገኘው ድረስ ይህን አላመንነውም ነበር።

አሁን ጕልበቱ ከወዴት ይመጣል? በባሩድ ጠመንጃ ጥይቱ ሲተልቅ ባሩዱንም መጨመር ይቻላል። የአየር ጠመንጃ ግን የሚገፋው በታመቀ አየር ብቻ ነው። በአንዳንዱ ጠመንጃ ተኳሹ ሞላውን በክንዱ ይጨምቀዋል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይለቀውና ፒስተኑ በፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል። በሌላው ዓይነት አየሩ አስቀድሞ በጋኑ ውስጥ ይሞላል፤ ይህም እስከ 200 ወይም 300 ባር ይደርሳል። የአውቶሞቢል ጎማ ከ2 እስከ 2 ተኩል ባር መሆኑን ስታስቡ ምን ያኽል እንደ ሆነ ይገባችኋል። ደግሞ በትንንሽ ቀፎ የሚገባ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚጠቀም አለ።

ይህ ሁሉ የልጆች መጫወቻ ሁኖ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ገደማ ጂራርዶኒ የተባለ የቲሮል ሰው የሠራውን የአየር ጠመንጃ የአውስትሪያ ጦር ሠራዊት ታጥቆት ነበር። የአየሩ ጋን ራሱ ሰደፉ ነው፤ ሃያ ያኽል የእርሳስ ድብልብል ጥይት በአንድ ጊዜ ይጐርሳል። በሌላ በኩል ደግሞ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን የሚገኝ የነፋስ ወፍጮ ፋብሪካ በ1888 ወፍጮ ለሚገዙ ገበሬዎች መመረቂያ የሚሆን ትንሽ የአየር ጠመንጃ ይሰጥ ጀመር። ገበሬዎቹ ከወፍጮው ይልቅ መመረቂያውን ስለ ወደዱት ፋብሪካው በ1895 ስሙን ለውጦ ዴዚ ተባለ፤ ወፍጮውንም ተወው። ነጋዴዎች ወላጆች ይህን ታሪክ እንደሚወዱት ተስፋ እናደርጋለን።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ጠመንጃው የሚሰጠው ጕልበት የተወሰነ ከሆነ ካሊበር መምረጥ ማለት ያንኑ ጕልበት በፍጥነትና በክብደት መካከል ማከፋፈል ማለት ነው። ለዚህ የሚመቸው ምሳሌ የእንግሊዝ አገር ሕግ ነው። በኢንግላንድ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጕልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ፤ ይኸውም ከ16.3 ጁል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ የአራቱም ካሊበር ባለቤቶች ከዚያው 16.3 ጁል ላይ ይካፈላሉ።

የተለመደች የ4.5 ፍሬ ግማሽ ግራም ያኽል፤ በትክክል ሲነገር 0.547 ግራም ትመዝናለች። በ16.3 ጁል ስትገፋ በሰኮንድ 244 ሜትር ትሄዳለች። የ5.5 ፍሬ አንድ ግራም ከሦስት መቶኛ ስትሆን በሰኮንድ የምትሄደው 178 ሜትር ነው። የ6.35 ፍሬ 1.3 ግራም ብትሆን ፍጥነቷ ወደ 158 ሜትር ይወርዳል። የአየሩን ተቃውሞ ለጊዜው ትተን 30 ሜትር እስኪደርሱ ድረስ የመሬት ስበት ምን ያኽል እንደሚያወርዳቸው አሰላን። 4.5ቷ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያኽል ትወርዳለች፤ 5.5ቷ 14፤ 6.35ቷ ደግሞ 18 ገደማ ትወርዳለች። በእውነተኛው ተኩስ አየሩ ስለሚያዘገያቸው ሁሉም ከዚህ ይበልጥ ይወርዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ያው ነው።

«ታዲያ ምን አለበት? ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ነው» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ርቀቱን በትክክል ካወቀ። ነገር ግን 30 ሜትር መስሎት ዕቃው 35 ሜትር ላይ ቢሆንስ? በ4.5 ጠመንጃ የሚስተው ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ5.5 ግን 5 ሳንቲ ሜትር ይስታል። የእንግሊዝ አዳኞች በእርሻቸው ላይ ጥንቸል ሲያድኑ የሚያነጣጥሩት በራሷ ላይ ነው፤ ያውም ከአንድ ትልቅ ሳንቲም ብዙም የማይሰፋ ቦታ ነው። እንግዲህ አምስት ሳንቲ ሜትር መሳት ማለት ወይ ፈጽሞ መሳት፤ ወይም መንጋጋዋን ሰብሮ በጕድጓድ ውስጥ ለቀናት እንድትሠቃይ መልቀቅ ነው። በሌላ በኩል ግን ከባዷና ሰፊዋ የ5.5 ፍሬ ቦታዋን ካገኘች ጕልበቷን በዒላማው ላይ ጨርሳ ታወርዳለች፤ ቀጭኗ 4.5 ግን አንዳንድ ጊዜ አልፋ ትሄዳለች። በዚህ የተነሣ በዚያ አገር የሁለቱ ወገን ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እኛ ግን የተስማማንበት አለ፦ ርቀት መገመት ያልለመደ ሰው 5.5 ስለ ያዘ አዳኝ አይሆንም። 6.35 ደግሞ በዚህ በትንሽ ጕልበት ሲሆን ትርፉ ቀላል ነው፤ ተገቢ ቦታው ብዙ አየር የሚሞላበት ጠንካራ ጠመንጃ ነው። ስለ 5 ሚሊ ሜትሩ የምንለው ብዙ የለንም፤ ፍሬው እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚመርጡት ጥቂቶች ናቸው።

ለዒላማ ውድድር ግን ክርክር የለም፤ ደንቡ ወስኖታል። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር በ1984 በሎስ አንጀለስ፤ የአየር ሽጉጥ ውድድር ደግሞ በ1988 በሴኡል ተጀመረ፤ በሁለቱም የሚፈቀደው 4.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጠመንጃው ዒላማ በጠቅላላው 45 ሚሊ ሜትር ተኩል ሲሆን መካከለኛዋ የአሥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት፤ ማለት ይህ ንግግር በተጻፈበት ወረቀት ላይ ካለው ነጥብ አትበልጥም። ተወዳዳሪው በዚህች ላይ 60 ጊዜ ይተኵሳል። እዚያ የሚፈለገው ጕልበት አይደለም፤ ፍሬዋ በሰኮንድ 170 ሜትር ገደማ ብትሄድ ይበቃል። የሚፈለገው የጸጥታ እጅና ያልታወከ ትንፋሽ ነው። በ2008 በቤይጂንግ አቢናቭ ቢንድራ የተባለው ሕንዳዊ አገሩ በግል ውድድር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ እንድታገኝ ያደረገው በዚሁ በ4.5 ጠመንጃ ነው። በ2024 በፓሪስ በድብልቅ የሽጉጥ ውድድር ብር ያገኘውንና ግራ እጁን በኪሱ ከትቶ የተኰሰውን የቱርኩን ዩሱፍ ዲኬችን ሥዕል ያላየ ተማሪ በዚህ አዳራሽ የለም። እጅን ኪስ መክተት ትዕቢት አይደለም፤ ትከሻ እንዳይወዛወዝ የሚደረግ የተለመደ አቋቋም ነው።

በሣጥን ላይ ስለሚጻፈው ፍጥነት ደግሞ አንድ ቃል። ብዙ ጊዜ ፋብሪካዎች ትልቅ ቍጥር ለመጻፍ ብለው እጅግ ቀላል ከሆነ ማዕድን በተሠራ ፍሬ ይለካሉ። ፍሬ ግን ወደ ድምፅ ፍጥነት፤ ማለት ወደ 340 ሜትር በሰኮንድ ሲጠጋ መንገዱ ይታወካል፤ ስለዚህ ቍጥሩ ቢያምርም ዒላማው አያምርም። ደግሞም እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያኽል ስለሚሳሳ የሞላ ጠመንጃ የሚያምቀው አየር ያንሳል።

አሁን ወደ ብረቷ ኳስ እንድረስ። የእርሳስ ፍሬ ወገቧ ቀጭን፤ ከኋላዋ እንደ ቀሚስ የተከፈተች ናት። አየሩ ሲገፋት ቀሚሷ ይሰፋና በአፈ ሙዙ ውስጥ ያሉትን ጥምዝ ቦዮች ትይዛለች፤ እየዞረችም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይደፈጠጣል፤ አብዛኛው ጕልበቱም እዚያው ያልቃል። የብረት ኳስ ግን 4.5 ተብላ ብትሸጥም ቦዩን አትይዝም፤ እንዲያውም ትፍቀዋለች፤ አትደፈጠጥም፤ ጕልበቷን እንደ ያዘች ትመለሳለች። እንግዲህ የአስተኳሹ መልስ በቍጥር እውነት ነበር፤ በነገሩ ግን ሐሰት ነበር። እርሳሱም ቢሆን በድንጋይ ላይ አይታመንም። ከዒላማው በስተኋላ አሸዋ የሞላበት ሣጥን ወይም የአፈር ክምር መኖር አለበት፤ ተኳሹም ተመልካቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አለባቸው።

የራሳችንንም ስሕተት አንሸሽግም። ከእኛ አንዱ በአጎቱ ቤት የነበረውን አሮጌ የሞላ ጠመንጃ እንዲያይ ተፈቅዶለት ሳለ ካሊበሩን ሳይጠይቅ የ4.5 ፍሬ አግኝቶ አጐረሰው። ጠመንጃው 5.5 ስለ ነበር ፍሬዋ በአፈ ሙዙ በኩል ወጥታ ከእግሩ ሥር ወደቀች። እርሱም በብልኀቱ ወረቀት ጠቅልሎባት ተኰሰ። ፒስተኑን የሚያቆመው የታመቀ አየር በወረቀቱ ዙሪያ ስላመለጠ ፒስተኑ በባዶው ሄዶ ከግድግዳው ጋራ ተላተመ፤ ሞላውም ተሰበረ። አጎትየው «ልጄ፤ በላዩ ላይ ተጽፎ አልነበረምን?» አሉት እንጂ ሌላ አልተናገሩም። በእርግጥም ከአፈ ሙዙ ሥር ተጽፎ ነበር።

እርሳስ መርዝ ነው። ፍሬውን እንደ ምስማር በከንፈር መያዝ አይገባም፤ ከተኩስ በኋላም ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ሕጉንም በሚመለከት፤ በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ወጥቷል። ማንም ሰው ከመግዛቱ፤ ከመቀበሉ ወይም ከውጭ ከማስመጣቱ በፊት ወደ ፖሊስ ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከወላጁ ጋራ ይሂድ።

ክበባችን ጠመንጃ የለውም፤ እንዲገዛልንም አልጠየቅንም። በዓሉ ላይ የሚያስተኩሱትን ሰዎች ግን በዚህ ዓመት ከጥምቀት በፊት ቀርበን ልናነጋግር ቀጠሮ ይዘናል። ከመካከላቸው አንዱ፤ ያው 4.5 ነው ብሎ የመለሰልን ሰው፤ አሸዋ የሚሞላበት ሣጥን ከእንጨት ሥራ ክፍላችን ብንሠራለት ከግንቡ ፊት እንደሚያቆመው ተስማምቷል። የሣጥኑ ንድፍና የሦስቱ ካሊበር ቀዳዳ በእውነተኛ መጠኑ የተሣለበት ወረቀት በበሩ በስተቀኝ ባለው ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሦስቱ ክቦች በታች ያለችው ቅንጣት ቀለም የፈሰሰባት እንዳትመስላችሁ፤ እርሷ የኦሊምፒኳ የአሥር ነጥብ ናት።