የአፍ ውስጥ ካንሰርን ቀድሞ ማወቅ፦ የጥርስ ሐኪሙ ድርሻ



ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የጥርስ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሕመሙ ሲጠናበት ነው፤ በጣቱ የሚያሳየውም አንድ ጥርስ ነው። ሐኪሙ ያንን ጥርስ ብቻ አይቶ ከሸኘው፣ የቀረው አፍ ሳይታይ ይሄዳል።

በአፍ ውስጥ ከሚነሡ ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ የሚጀምሩት ከላይኛው ስስ ሽፋን በመሆኑ ለዓይንና ለጣት ቅርብ ናቸው። ይሁን እንጂ በብዛት የሚነሡባቸው የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል፣ ምላስ በጎዝ ተይዞ ካልተሳበ በደንብ አይታዩም። የሚያስፈልገው ብርሃን፣ መስታወት፣ ቁራጭ ጎዝና ጓንት ያጠለቀ ጣት ነው፤ ጊዜውም ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። (በዋጋ ዝርዝሮች ላይ መንቀልና መሙላት እንጂ መመልከት ተጽፎ አላየሁም።)

ታማሚው ስለ ቁስሉ ሲጠየቅ «ምች ነው» ሊል ይችላል፤ ዳማከሴም አሽቶ ይሆናል። አልነቅፈውም። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ግን አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይድናል። ስለዚህ ከቁስሉ ስም ይልቅ ዕድሜውን ጠይቁ። መንሥኤ የመሰለው ነገር ተወግዶ ከ2 ሳምንት በኋላ ያልዳነ ቁስል፣ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ ከሁሉም በላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ቀይ ምልክት ናሙና ተወስዶለት በፓቶሎጂ ሊታይ ይገባዋል። አለማመሙ አያዘናጋችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። የድድ በሽታ ሳይኖር የተነቃነቀ ጥርስ ከገጠማችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ራጅ አንሡ።

በጫት ቃሚ ጉንጭ ላይ ነጭ ምልክት ማየት የተለመደ ነው። ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል ለማለት ማስረጃው ገና አልጠነከረም፤ የትምባሆና የአልኮል ጉዳት ግን ተረጋግጧል። በሕንድ ኬረላ የሠለጠኑ ሠራተኞች በዓይን ብቻ ያካሄዱት ምርመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታተመው፣ በእነዚሁ ተጠቃሚዎች ዘንድ በአፍ ካንሰር መሞትን በ34 በመቶ ቀንሷል።

ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ትንሽ ሳለ የተገኘ ዕጢ ግን ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይወገዳል፤ የጨረር ተራም አያስጠብቅም።

በመላኪያው ወረቀት ላይ «የአፍ ቁስል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ቦታውን፣ መጠኑን በሚሊ ሜትር፣ የታየበትን ቀን ጻፉ፤ የታማሚውንና የአንድ ዘመዱን ስልክ ያዙ፤ በሳምንቱም ደውላችሁ መሄዱን ጠይቁ።