ልጆች በተማሪ ቤት እርስ በርሳቸው ስለሚሰዳደቡት ስድብ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ታናሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ልጆች በተማሪ ቤት ግቢ ወንዱን ልጅ «ሴታ ሴት»፥ ሴቲቱን ልጅ «ወንዳ ወንድ» እያሉ ስለሚያሳፍሩበት ልማድ ነው።

በመምህርነቴ መጀመሪያ የሆነውን ላውጋችሁ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የደብተሩ ከረጢት ተቀዶበት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በመርፌ ሲሰፋው፥ ጓደኞቹ ከበው «ሙሽሪት፥ ሙሽሪት» እያሉ ጨፈሩበት። እያለቀሰ ወደ እኔ ቢመጣ «ወንድ አይደለህምን? ወንድ ያለቅሳልን?» ብዬ መለስሁት። በማግሥቱ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ከቤቱ ድረስ ብሄድ ከብት ሲጠብቅ አገኘሁት። አባቱን ለምኜ መለስሁት፤ መርፌ ግን ዳግመኛ አልያዘም። ልጆቹ የጀመሩትን ስድብ የፈጸምሁት እኔ ነበርሁ።

የመርፌውን ነገር እንኳ ብናስብ፥ በየገበያው በስፌት መኪና ልብስ የሚሰፋው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ አይደለምን? የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሊቅስ ውሃ ቀድቶ፥ ልብሱን አጥቦ፥ እህሉን ለምኖ ወይም አብስሎ ተምሯል፤ ሴታ ሴት ያለው የለም። በሴቶችም ወገን በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ሳሉ የወንዶች ብቻ ይመስል በነበረው በቅኔ ቤት መምህር ሆነው አስተምረዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የእቴጌ መነን ተማሪ ቤት ዲሬክተር ከሆኑ በኋላ፥ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው ከእሳት ዳር የሰማውን ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን ስንጫወት ከመደቡ ጥግ የተኛ የመሰለን ሕፃን ይሰማናል። በማግሥቱ አንዲት ልጅ እጅዋን አንሥታ የሒሳብ ጥያቄ ስትመልስ ያንኑ ቃል ይወረውርባታል፤ እርስዋም ሁለተኛ እጅዋን አታነሣም። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ድፍረት አድርጋችሁ አትቍጠሩብኝ እንጂ፥ አባቶቻችን የተረቱት ሁሉ ለልጅ ጆሮ የሚሆን አይደለም።

መምህራንም ብትሆኑ ሰዳቢውን በሁሉ ፊት አትግረፉት፤ ብርቱ ደካማውን እንዲመታ ማስተማር ይሆናልና። ለብቻው ጠርታችሁ «ይህን ቃል ከማን ሰማኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብረውት የሚስቁትንም አትርሱ፤ ሰዳቢ የሚሳደበው ሣቂ እስካገኘ ድረስ ነው። የተሰደበውን ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ተው፥ አልወድም» ማለትን፥ ባይተዉት ወደ መምህሩ መምጣትን አለማምዱት። የመጣውንም «አሳባቂ» አትበሉት፤ መጎዳቱን የሚናገር ልጅ ነገር አላመላለሰም።

ከቃል ይልቅ ግን ሥራ ያስተምራል። ክፍሉን የሚጠርጉት፥ ውሃ የሚቀዱት ሴቶቹ ልጆች፥ ደወል የሚደውለውና የክፍል አለቃ የሚሆነው ወንዱ የሆነበት ተማሪ ቤት ጥቂት አይደለም። ሁሉም በተራ ይሁን። ወንዱ ልጅ መጥረጊያ ሲይዝ በመጀመሪያው ቀን መሣቃቸው አይቀርም፤ በዚያ ቀን እናንተም መጥረጊያ ያዙ። አባቱ መጥቶ «እኔ ልጄን ለመጥረግ አልላክሁትም» ቢላችሁ፥ ወንበር ሰጥታችሁ፥ «የልጂቱስ አባት ለመጥረግ ልኳታልን?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁት።