ብዙ ባልሠራ መኪና ላይ ስለሚደርስ የፍሪሲዮን ብልሽት

ለማኅበሩ አባላት በገደብ የቀረበ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ገና ብዙ ሳይሠራ ፍሪሲዮኑ ሲበላሽ ባለሙያው ምን ማድረግ ይገባዋል የሚል ነው። ነገሩ ለሩቅ ተመልካች ትንሽ ይመስል ይሆናል። ሆኖም አሮጌ መኪና ሲበላሽ ማንም አይካሰስም፤ አዲስ መኪና ሲበላሽ ግን ሦስት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ባለንብረቱ ሾፌሩን ይጠረጥራል፤ ሾፌሩ ዕቃው ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር ይላል፤ ሻጩ ደግሞ ፍሪሲዮን በአያያዝ የሚያልቅ ዕቃ ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል። በመካከላቸው የሚቆመው መካኒኩ ነው። የእርሱ ቃል የአንዱን እንጀራ፣ የሌላውን ገንዘብ ይወስናልና ጉዳዩ ከጥገናም ያለፈ ነው።

ፍሪሲዮን የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ሰበቃ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ሸራ የለበሰው ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና ሸራውን በሚጫነው ዲስክ መካከል ተጣብቆ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ ይያያዛል። እስኪያያዝ ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ሸራው ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ጥቂት በጥቂትም ይሳሳል። በሚገባ የተያዘ ፍሪሲዮን 100,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ያቺ አጭር ጊዜ በየዳገቱ ከተራዘመች ግን የመኪናው ቀለም ሳይደበዝዝ ሸራው ያልቃል።

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋጨፌ በኩል ወደዚህ የመጣ ሰው የመንገዱን ጠባይ ያውቀዋል። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ዳገቱ ብዙ፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ መኪና ከልኩ በላይ የሚጫንበት ጊዜ አለ። በዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ፈንታ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት፣ ከጭቃ ለመውጣት ሞተሩን እያስጮኹ መታገል፣ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፤ እነዚህ ሁሉ ሸራን የሚበሉ ልማዶች ናቸው። ይህ ማለት ግን በዚህ አገር የተበላሸ ፍሪሲዮን ሁሉ በሾፌር ጥፋት የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታወቀው በምርመራ ነው።

ምርመራውም ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት መጀመር አለበት። ማርሽ አልገባ ካለ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መሞከር ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ የሚገባው ማርሽ ሞተሩ ሲነሣ ከተፋጨ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየተላቀቀ አይደለም። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ ወለሉ ይታይ፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደርቦ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ቀጥሎ ዘይቱ ይታይ። በብዙ መኪናዎች የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት ከአንድ ዕቃ ስለሚቀዳ፣ የዘይቱ መጉደል የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ፍሬን ይዞ፣ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲለቁት ጤነኛው ሞተሩን ያጠፋዋል፤ የታመመው ሞተሩ እየዞረ እንዲቀጥል ያደርጋል። ይህ ፈተና ራሱ ሸራ ስለሚበላ አንድ ጊዜ ይበቃል። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ጥቂት ልቅነት እንዳለው ይረጋገጥ፤ ገመዱ ከተወጠረ ማንም ሳይረግጠው እንደ ተረገጠ ይቆጠራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋው ግን ከካምቢዮ ወገን ነው።

ካምቢዮው ወርዶ ሸራው በእጅ ሲያዝ ምስክሩ ተገኘ ማለት ነው። ሸራው እስከ ሪቬቱ ድረስ ተበልቶ ቮላኖው በሙቀት ከጠቆረ ወይም ከሰማየ፣ አያያዝንና ጭነትን መጠየቅ ይገባል። ሸራው ወፍራም ሆኖ በዘይት ከራሰ፣ ከሞተሩ በስተኋላ ወይም ከካምቢዮው በስተፊት ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ አፍስሷልና ሾፌሩ አይጠየቅም። ሸራው ሳይነካ ሞላ ከተሰበረ፣ የፋብሪካ ወይም የገጠማ ጉድለት መሆኑ ይጠረጠራል። ስለዚህ የወለቀውን ዕቃ አትጣሉ፤ የሄደውን ኪሎ ሜትርና ያያችሁትን ምልክት ቀኑን ጨምራችሁ በጽሑፍ ስጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት አላፊ መሆኑን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢው ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ እናንተ የጻፋችሁት ወረቀት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ሾፌሩም እንዴት እንደ ነዳ እውነቱን ይናገር ዘንድ አስቀድመን ከሳሽ ሆነን አንቅረበው። እያስፈራሩ የጠየቁት ሰው እውነት አይናገርም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በቦታቸው የሚመጡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ፔዳል የሚረገጥለት ፍሪሲዮን የላቸውም። እንግዲህ ዛሬ አዲስ የምንላቸው ባለ ፍሪሲዮን መኪኖች ከእኛ ጋር ረጅም ዘመን የሚኖሩ ናቸው። ያለ ምርመራ የሚወርድ ካምቢዮ፣ ያለ ማስረጃ የሚባረር ሾፌር እንዳይኖር ማድረግ የእያንዳንዳችን የሙያ ግዴታ መሆኑን አሳስባለሁ።